ቆዳው የአገር፣ ማሰሪያው የሰው

ቢታ ገነት ላይ በዓል ሲሆን በግ ይታረዳል። ለማሽቃሬ ባሮም ይሁን ለመስቀል፣ ለገናም ይሁን ለአረፋ፣ ሥጋው ከቤተሰብ አልፎ ለጎረቤት ይደርሳል። ጨጓራው ይታጠባል፣ እግሩ ይቀቀላል፣ ከበጉ የሚጣል ነገር የለም። ሌጦው ግን አጥር ላይ ተሰቅሎ ገዢ ይጠብቃል፤ ገዢ አይመጣም። ካፋ ዝናብ የሚበዛበት አገር ስለሆነ ሌጦው ፀሐይ አግኝቶ እስኪደርቅ ዝንብ ይቀድመዋል። በማግስቱ መሽተት ይጀምራል፤ በሦስተኛው ቀን ወይ ውሻ ይጎትተዋል፣ ወይ ጉድጓድ ይገባል።

ይህ የቢታ ገነት ብቻ ታሪክ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥም ቢሆን በበዓል ማግስት «ቆዳ ያለው!» እያለ በየሰፈሩ ይዞር የነበረው ነጋዴ ድምፁ ከቀዘቀዘ ቆይቷል። በአንድ ወቅት የበዓል ሌጦ የቤት ሠራተኛዋ ጉርሻ ወይም የልጆች ደብተር መግዣ ነበር። ዛሬ በየመንገዱ ዳር ከቆሻሻ ጋር ተጥሎ ይታያል። ከ60 ሚሊዮን በላይ የቀንድ ከብት ያላት፣ በከብት ሀብት ከአፍሪካ ቀዳሚ የሆነች አገር ቆዳዋን እየቀበረች ነው።

ለምን ተብሎ ሲጠየቅ ሦስት መልስ ይሰማል። ነጋዴው «ፋብሪካው አይገዛም» ይላል። ፋብሪካው «የሚመጣው ቆዳ እከክ የበላው፣ ቢላዋ የቀደደው ነው» ይላል። የመንግሥት ሹም ደግሞ የገበያ ሰንሰለቱንና ደላላውን ይወቅሳል። ሦስቱም እውነት አለባቸው። ሦስቱም ግን አንድ ነገር ዘለው ያልፋሉ። ጥሬ ቆዳ ያለ ኬሚካል ቆዳ አይሆንም፤ ኬሚካሉን ደግሞ ኢትዮጵያ አትሠራውም። አገሪቱ የፕሮቲኑ ባለቤት ናት፤ ፕሮቲኑን የሚያስረውን ነገር ግን ከሰው ትገዛለች። የቢታ ገነቱ ሌጦ አጥር ላይ የሚበሰብስበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከወጥ ቤት መነሳት ይቻላል። የበሬ እግር ብዙ ሰዓት ተቀቅሎ መረቁ ሲበርድ ይረጋል። የሚያረጋው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው። ቆዳም ውኃው ከወጣለት በኋላ በአብዛኛው ይኸው ኮላጅን ነው። ኮላጅን ሦስት ክር ሆኖ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ነው፤ ገመዶቹ ደግሞ እየተደራረቡ ትልልቅ ጅማት ይሠራሉ። በጥሬው ሳለ ገመዶቹ እርስ በርሳቸው የተያያዙት በለስላሳው ነው። እርጥብ ሆኖ ሙቀቱ ወደ 65 ዲግሪ ሲጠጋ ይኮማተራል፤ ከዚያ ባለፈ ሙቀት ሲቆይ ገመዱ ይፈታና መረቅ ይሆናል። ባክቴሪያም ሲያገኘው እንደ ማንኛውም ሥጋ ይበላዋል።

የገዳማቱ ብራና ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ብራና የለፋ ቆዳ አይደለም። ተፍቆ፣ በእንጨት ላይ ተወጥሮ የደረቀ ጥሬ ቆዳ ነው። ደረቅ እስከሆነ ድረስ መቶ ዓመታትን ይሻገራል። ውኃ ሲገባው ግን ይላላል፣ ይበሰብሳል። ምክንያቱም ገመዶቹ ደረቁ እንጂ አልታሰሩም።

ቆዳ ማልፋት ማለት እነዚህን ገመዶች እርስ በርስ ማሰር ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ነገር እዚህ በኬሚስትሪ ይፈጸማል። ክሮም ሲጨመር አንዱ የክሮም ቅንጣት በጎንና በጎን ያሉ ሁለት ገመዶችን አሲዳማ በሆነው ጎናቸው ይይዛቸዋል። ፎርማሊንና ግሉታራልዲሃይድ ደግሞ አሚን በሚባለው ሌላኛው ጎን ይይዛሉ። ከዛፍ ልጥ የሚገኘው ታኒን ብርቱ የሆነ አንድ መያዣ የለውም፤ ብዙ ደካማ እጆች አሉት፣ በብዛት ያሸንፋል። ማሰሪያው ምንም ይሁን ምን ውጤቱ አንድ ነው፤ ቆዳው ባክቴሪያን ይቋቋማል፣ ረጥቦ ሲደርቅ አይደርቅም አይሰበርም። በክሮም በደንብ የለፋ ቁራጭ የፈላ ውኃ ውስጥ ቢከተት አይኮማተርም። የፋብሪካ ሰዎች ቆዳው መልፋቱን የሚፈትኑት በዚሁ ነው።

ይህ የማሰር ጥበብ የቆዳ ፋብሪካ ብቻ አይደለም። ሆስፒታል ውስጥ ከበሽተኛ የተቆረጠ ናሙና ፎርማሊን ውስጥ የሚገባው ፕሮቲኑ ታስሮ ቅርጹን ሳይለቅ ማይክሮስኮፕ ሥር እንዲደርስ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት የሚሠራው መርዙን በፎርማሊን አስሮ መርዝነቱን በማጥፋት፣ ሰውነት የሚያውቀውን መልኩን በማስቀረት ነው። በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው የቢሾፍቱው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ለአባ ጎርባ የሚያመርተው ክትባትም ጀርሙ በፎርማሊን የተገደለ ነው። የምርምር ላቦራቶሪዎች አንድን ፀረ እንግዳ አካል ከኢንዛይም ጋር ለማጣበቅ ግሉታራልዲሃይድና ካርቦዲኢማይድ ይጠቀማሉ። ብዙ የደም ምርመራ የሚቆመው በዚህ ማጣበቂያ ላይ ነው። ላቦራቶሪው በግራም ይገዛል፣ ቆዳ ፋብሪካው በቶን። ነገሩ ግን አንድ ነው፤ «ሪኤጀንት አልቋል» የሚለው የሆስፒታል መልስና «ኬሚካል የለም» የሚለው የፋብሪካ መልስ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። በ2000 ዓ.ም. በጥሬና በከፊል በተዘጋጀ ቆዳና ሌጦ ላይ የወጪ ንግድ ታክስ የሚጥል አዋጅ ወጣ። ታክሱ እስከ 150 በመቶ የሚደርስ ስለነበረ ከመከልከል አይተናነስም። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ማጠናቀቂያው ብቻ የቀረው፣ ክረስት የሚባለው ቆዳ ተጨመረበት። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። አገሪቱ ጥሬ ዕቃ መሸጥ ትተው፣ ያለቀለት ቆዳ፣ ጫማና ጓንት ትሽጥ፤ ሥራው ለልጆቿ ይሁን። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘርፉ በዓመት 500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲያስገባ ታቅዶ ነበር። ግማሹን እንኳን ሳይደርስ የዕቅዱ ዘመን አለቀ።

ምን ጎደለ? ይህንኑ መንገድ ቀድማ የሄደችውን ሕንድን ማየት ይበቃል። ሕንድም በከፊል የተዘጋጀ ቆዳ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ገድባለች። የገደበችው ግን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ሃያ ዓመት በላይ ቀድማ፣ በ1948 እ.ኤ.አ. ማድራስ ላይ የቆዳ ምርምር ማዕከሏን ከፍታ ነበር። ኬሚስቶቿ ማሰሪያውን፣ ዘይቱንና ቀለሙን አገር ውስጥ ከሚገኝ ነገር መሥራት ተማሩ፤ የኬሚካል ፋብሪካዎቿም አብረው አደጉ። በሩ ሲዘጋ ውስጡ ዕቃ ነበረው። ኢትዮጵያ ከሕንድ የወሰደችው የታሪኩን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። በሩን ዘጋች፤ የውስጡን ዕቃ ግን አላሟላችም። አዲስ አበባ የነበረው የቆዳ ኢንዱስትሪ ልማት ኢንስቲትዩት ከዚሁ የሕንድ ማዕከል ጋር ተጣምሮ ብዙ ባለሙያ አሠልጥኗል፤ ይህ ምስጋና ይገባዋል። የሠለጠነው ሰው ግን ከሥልጠናው ሲመለስ የሚያገኘው በርሜል በመርከብ የመጣ ነው።

ከአገር የሚገኘው ጨውና ኖራ ነው። ክሮሙ፣ ማቅለሚያው፣ ማለስለሻው ዘይት፣ ሰው ሠራሹ ታኒን፣ ሚሞሳ የሚባለው የልጥ ዱቄት ሁሉ በዶላር ይገዛል። ለረጅም ዓመታት ፋብሪካው ብር ይዞ ባንክ ደጃፍ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ይጠብቅ ነበር፤ ወረፋው ሳይደርሰው ቆዳው መጋዘን ውስጥ ያረጅበት ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ችግሩ መልኩን ቀየረ። ዶላሩ ይገኛል፤ ያንኑ በርሜል ለማስገባት ግን ቀድሞ ከሚያስፈልገው ከእጥፍ የሚበልጥ ብር በቅድሚያ መያዝ ያስፈልጋል። ምርቱን በዶላር የሚሸጠው ፋብሪካ ውሎ አድሮ ያካክሰዋል። እስኪያካክስ ድረስ ግን ሥራ ማስኬጃው ያንቀዋል። ለአገር ውስጥ ጫማ ሠሪ በብር የሚሸጠው ደግሞ ማካካሻም የለውም።

ይህ ሁሉ የሞጆና የአዲስ አበባ ፋብሪካዎች ጉዳይ ይመስላል። ቢታ ገነት እንዴት ይደርሳል?

የሚደርሰው በአንድ ቀላል እውነት በኩል ነው። የተቀደደ ሌጦ የሚጠጣው ኬሚካል ደህናው ሌጦ ከሚጠጣው እኩል ነው። በክሮም ሲለፋ ለ100 ኪሎ የተዘጋጀ ቆዳ ከ6 እስከ 8 ኪሎ የክሮም ጨው ይገባል። ከበሮው ውስጥ የገባው ቆዳ እከክ ይኑርበት አይኑርበት፣ ክሮሙ ዋጋውን አይቀንስም። ኬሚካል ርካሽና በእጅ ያለ ሲሆን ፋብሪካው ደካማውንም ሌጦ ይገዛል፤ ለሽፋን፣ ለጓንት ውስጠኛ ክፍል፣ ለርካሽ ቦርሳ ያደርገዋል። ኬሚካል ሲወደድና ሲጠፋ ግን ባለፋብሪካው በእጁ ያለችውን ጥቂት በርሜል በደካማ ሌጦ ላይ አያባክንም። የላይኛውን ደረጃ ብቻ ይመርጣል። ያኔ ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ የሚባለው ሌጦ ዋጋው ቀነሰ ማለት አይበቃም፤ ዋጋ የለውም።

የቢታ ገነት ሌጦ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚህ ደረጃ የሚወጣ አይደለም። ቄራ የለም፤ የሚያርደው ለሥጋው የሚጨነቅ የቤት አባወራ ነው፣ ቢላዋው ሌጦውን ይቀደዋል። ዝናቡ ማድረቂያ ፀሐይ አይሰጥም። ጨው ካልተነሰነሰበት በሰዓታት ውስጥ መበላሸት ይጀምራል፤ በወጉ ለመጨው ደግሞ የቆዳውን ክብደት ሲሶ ያህል ጨው ያስፈልጋል። ከአፋር ተነሥቶ ካፋ የደረሰ ጨው ለወጥ ይገዛል እንጂ ገዢው ለማይታወቅ ሌጦ አይነሰነስም። ከዚያ በላይ እስከ ሞጆ ከ500 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ አለ። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ኬሚካል ሻጩ ዋጋውን አይቀንስም፣ ባለመኪናው አይቀንስም፣ ባንኩ ወለዱን አይተውም። የሚቀነስለት የሌለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በመጨረሻው ጫፍ ያለው ባለበጉ። ማሰሪያው በተወደደ ቁጥር የሚከፍለው እሱ ነው። ክሮም የሚባል ነገር አይቶ የማያውቅ ሰው የክሮምን ዋጋ ይከፍላል።

ታዲያ ምን ይሁን? አንዳንዶች ታክሱ ይነሣና ጥሬውም ቢሆን ይሸጥ ይላሉ። ሰው የሚበሰብስ ዕቃ ይዞ ከሚቀመጥ በትንሽ ዋጋም ቢሸጥ ይሻላል የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም። ደካማ ደረጃ ላለው ቆዳ ለጊዜው በሩን ገርበብ ማድረግ ሊታሰብበት ይገባል። ይህ ግን ማስታገሻ ነው። በር ተከፍቶም ተዘግቶም አገሪቱ ማሰሪያ እስከሌላት ድረስ የምትሸጠው ያው ጥሬ ዕቃ ነው።

መድኃኒቱ ከሦስት ቦታ ይጀምራል።

የመጀመሪያው ያለውን አለማፍሰስ ነው። በተለመደው አሠራር ከበሮ ውስጥ ከገባው ክሮም ቆዳው የሚይዘው ከ60 እስከ 70 በመቶውን ነው። ቀሪው ከውኃው ጋር ይወጣል። ሞጆ ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ይህን ውኃ በመልኩም በሽታውም ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ ነገሩ የአካባቢ ብክለት ጉዳይ ተደርጎ ብቻ ይነሣል፤ የገንዘብ ጉዳይም ነው። በዶላር የተገዛ ክሮም ሲሶው ወንዝ ይገባል ማለት ነው። ውኃውን አጥምዶ ክሮሙን በኖራ ወይም በሌላ አልካሊ አዝቅጦ፣ በሰልፈሪክ አሲድ አሟሙቶ መልሶ መጠቀም በዓለም የታወቀና የቆየ ዘዴ ነው። የብክለት ተቆጣጣሪውና የገንዘብ ሚኒስቴሩ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ የሚስማሙበት ጉዳይ ቢኖር ይህ ነው። ክሮም መልሶ የሚጠቀም ፋብሪካ የብድርም የግብርም ቅድሚያ ቢያገኝ ተገቢ ነው፤ የሚያፈስሰው ደግሞ መቀጣት አለበት።

ሁለተኛው በእጅ ያለውን ማየት ነው። በአማራ ክልል አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የአውስትራሊያ ግራር በማሳው ላይ እየተከለ ኑሮውን ለውጧል። ዛፉ በአራትና በአምስት ዓመት ይደርሳል፤ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ ከሰሉ አዲስ አበባ ድረስ ይሸጣል። ሚሞሳ የሚባለው የታኒን ዱቄት የሚገኘው ደግሞ ከዚሁ ዛፍ የቅርብ ዘመድ ልጥ ነው፤ የደረቀው ልጥ ሲሶ ያህሉ ታኒን ነው። ዲከረንስ ራሱ በትውልድ አገሩ ልጡ ለቆዳ ማልፊያ ሲያገለግል የኖረ ዛፍ ነው። ታንዛኒያ ንጆምቤ ላይ ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዛፉን ተክላ ልጡን በሙቅ ውኃ ዘፍዝፋ፣ አትንና ለዓለም ትሸጣለች። ኢትዮጵያ ግንዱን ከሰል ታደርጋለች፣ ልጡን ከግንዱ ጋር ታቃጥላለች ወይም ጫካው ሥር ትተወዋለች፤ ከዚያ የልጥ ዱቄት በዶላር ትገዛለች። በቅርብ ዓመታት ዛፉን የመታው የዋግ በሽታ ደግሞ የአዊ ገበሬ በከሰል ብቻ መተማመኑ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ አሳይቷል። ልጡም ገበያ ቢኖረው ኖሮ ከእያንዳንዱ ከተረፈ ዛፍ የሚያገኘው ይጨምር ነበር።

ሌላም አለ። አዋሽ መልካሳ ላይ አሉሚኒየም ሰልፌትና ሰልፈሪክ አሲድ የሚያመርት ፋብሪካ አለ። አሉሚኒየም ሰልፌቱ በአብዛኛው የሚታወቀው የመጠጥ ውኃ በማጥራት ነው። አሉሚኒየም ግን ጥንታዊ የቆዳ ማልፊያም ነው። ብቻውን ሲሆን ውኃ ያጥበዋል፣ ማሰሪያው ይላላል። ከልጥ ታኒን ጋር ሲጣመር ግን ሁለቱ እየተደጋገፉ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ከሚሰጡት የበለጠ ጥንካሬ ይሰጣሉ። እንግዲህ የማሰሪያው አንዱ እጅ አዊ ውስጥ ቆሞ አለ፤ ሌላው እጅ አዋሽ መልካሳ ውስጥ ይመረታል። እስካሁን አልተጨባበጡም።

እዚህ ላይ እውነቱን መደበቅ አያስፈልግም። የልጥ ታኒን ክሮምን ሙሉ በሙሉ አይተካም። በኪሎ ሲታሰብ ከክሮም ብዙ እጥፍ ይፈልጋል፣ ጊዜም ይፈጃል። የሚወጣው ቆዳ ጠንከር፣ ቡናማ ይላል። ለስላሳው የኢትዮጵያ ደጋ በግ ሌጦ በዓለም ስሙ የተጠራው በጓንት ነው፤ ለዚያ ክሮም ይሻላል። ነገር ግን ለጫማ ሶል፣ ለቀበቶ፣ ለኮርቻ፣ ለጠንካራ ቦርሳ የልጥ ታኒን ጥሩ ነው። ጥሩው ሌጦ በክሮም ይልፋ፤ ዛሬ ገዢ ያጣው የበሬና የደካማ ደረጃ ቆዳ በልጥ ይልፋ። በዚያ ላይ አንድ ጥብቅ ሁኔታ ይጨመር፤ ልጡ ከተተከለ ዛፍ ብቻ ይምጣ። ካፋ ለቡና መገኛ ደኗ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክምችት ሆና ተመዝግባለች። ሌጦን ለማዳን ደን የሚልጥ ሰው አንዱን ሀብት ለሌላው እያረደ ነው።

ሦስተኛው እውቀቱን ወደ ባለቤቱ መመለስ ነው። ቆዳ ማልፋት ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። እምቧዩን፣ ጉሎውንና የግራሩን ልጥ እየጨቀጨቀ በሬ ቆዳን ቁርበት፣ የፍየል ቆዳን ስልቻ ያደርግ የነበረው ፋቂ የአገሩ የመጀመሪያ የፕሮቲን ኬሚስት ነበር። ኬሚስት መሆኑን ማንም አልነገረውም። በካፋም ሆነ በቀረው የደቡብ ምዕራብ ክፍል ቆዳ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ከሌላው ተነጥለው ኖረዋል፤ አብሯቸው የሚበላ፣ የሚጋባቸው አልነበረም። አፄ ምኒልክ በጥር 1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ከመቶ ዓመት በኋላም ስድቡ ጨርሶ አልጠፋም። አንድ አገር እጁን የሚያቆሽሸውን ባለሙያ ከናቀች እውቀቱ ከእጅ ወደ መጽሐፍ፣ ከመጽሐፍ ወደ ፋብሪካ አይሻገርም። በሰው አገር መጽሐፍ ተጽፎ፣ በበርሜል ታሽጎ፣ በዶላር ይመለሳል። የሆነውም ይኸው ነው።

ካፋ ለዚህ ሥራ መሠረት የላትም የሚል ካለ የቦንጋን በግ ይመልከት። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቦንጋ የግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፍ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ገበሬውን በኅብረት ሥራ አደራጅቶ አውራውን እየመረጠ የማርባት ሥራ ጀመረ። ምርጡ ጠቦት ለሥጋ ገበያ እንዳይሸሽ ማኅበሩ ገዝቶ ያስቀምጣል፤ ለአባላቱ መንጋ በየተራ ያዳርሳል። ዛሬ የቦንጋ በግ ከካፋ ውጭ በስሙ የሚፈለግ በግ ነው። ገበሬው ዘር መምረጥን፣ መመዝገብንና ተራ መጠበቅን ከቻለ አስተራረድንና ጨው መነስነስን የማይችልበት ምክንያት የለም። እስካሁን በጉ ሲመረጥ የታየው ቁመቱ፣ ክብደቱና ላቱ ነው። ሌጦውን የጠየቀ ያለ አይመስልም።

ስለዚህ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህ የራሱ አስተዳደር ያለው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከአዲስ አበባ ትልቅ ፋብሪካ እስኪመጣለት መጠበቅ የለበትም። ቢታ ገነትን በመሰለ ከተማ የሚያስፈልገው ጥላ ያለው ማረጃ፣ የተጠረበ የመግፈፊያ ቢላዋ፣ የጨው መጋዘንና በበዓል ሰሞን ሌጦ የሚረከብ ማኅበር ነው። ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ አንዲት ትንሽ የማልፊያ ከበሮ፣ የፒኤች መለኪያ፣ ቴርሞሜትርና ምድጃ ቢኖረው የአዊን ልጥና የአዋሽ መልካሳን አሉሚኒየም በካፋ ሌጦ ላይ መፈተን ይችላል። ቁራጯን ውኃ ውስጥ ከቶ፣ ውኃውን እያሞቀ፣ በስንት ዲግሪ እንደምትኮማተር መመዝገብ ለአንድ የሁለተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ የማይከብድ ሥራ ነው። ያ ተማሪ ነገ ፎርማሊኑን፣ ግሉታራልዲሃይዱንና ካርቦዲኢማይዱን በክትባትና በምርመራ ላቦራቶሪ ሲያገኘው እንግዳ አይሆንበትም። አገር የኬሚካል ኢንዱስትሪ የምትገነባው በአንድ ቀን ሪባን ቆርጣ አይደለም፤ ማሰሪያ ምን እንደሆነ በእጃቸው የነኩ ሰዎችን በማብዛት ነው።

የፌዴራል መንግሥትም የሚጠበቅበት አለ። የቆዳ ፖሊሲ እስካሁን የጠበቀው ቆዳውን ነው፤ እንዳይወጣ። ከእንግዲህ የሚለካው ማሰሪያው ከየት መጣ በሚል ጥያቄ ሊሆን ይገባል። በየዓመቱ ስንት ቆዳ ወደ ውጭ ተላከ ከሚለው ቁጥር ጎን ለዚያ ቆዳ ስንት ዶላር ኬሚካል ገባ የሚለው ቁጥር ይቀመጥ። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲታዩ አገሪቱ በቆዳዋ ምን ያህል እንዳተረፈች፣ ምን ያህሉን ደግሞ ለማሰሪያው እንደገበረች በግልጽ ይታያል። አንድ ሪፖርት ገቢውን ብቻ እየጠራ ወጪውን ከዋጠ ሪፖርት ሳይሆን ፉከራ ነው።

መጪው በዓል ሩቅ አይደለም። ቢታ ገነት ላይ በጉ ይታረዳል፣ ሌጦው ይገፈፋል፣ አጥር ላይ ይሰቀላል። ሌጦውን ከመበስበስ የሚያድነው ፀሐይ እንዳይመስል፤ ካፋ ውስጥ ፀሐይ ተስፋ አይጣልበትም። የሚያድነው ገመዱን ከገመድ የሚያስር ነገር ነው። ያ ነገር በአገር ልጅ እጅ እስኪሠራ ድረስ አጥር ላይ ያለው ሌጦ የባለበጉ ይሁን እንጂ ዋጋውን የሚቆርጠው ሌላ ሰው ነው።